ጥብቅና ለጀመሩ፦ ስለ ሥነ ምግባርና ስለ ቢሮ አያያዝ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥብቅና በቅርቡ የጀመሩ ባልደረቦች በፍርድ ቤት ኮሪደርም በስልክም ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል።

ፈቃዴን አሁን አወጣሁ። ብቻዬን ልጀምር ወይስ ከሌሎች ጋር?

ሁለቱም ይቻላል። ድሮ በአገራችን ጠበቃ የሚሠራው በግሉ ነበር። ብዙዎች ኪራይ ተጋርተው አንድ ቢሮ ይቀመጡ ነበር እንጂ በሕግ ፊት አንድ ድርጅት አልነበሩም። የፌደራል የጥብቅና አገልግሎት ፈቃድ አሰጣጥና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ይህን ቀይሮ ጠበቆች ተሰባስበው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ ፈቀደ።

ለጀማሪ የምመክረው ግን ለድርጅት አለመቸኮል ነው። መጀመሪያ ልምድ ካለው ሰው ጋር ቢሮ ተጋሩ። አቤቱታ ሲጽፍ፣ ከደንበኛ ጋር ሲነጋገር፣ ጉዳይ አልቀበልም ሲል እዩት። ሽርክና የሚፈርሰው በሕግ እውቀት ማነስ ሳይሆን በገንዘብና በሥራ ክፍፍል ነው፤ ስለዚህ አብራችሁ ከመፈረማችሁ በፊት አብራችሁ መሥራታችሁን ሞክሩት።

ቢሮ የግድ ያስፈልገኛል? ካፌ ተገናኝቼ መሥራት አልችልም?

ቋሚ አድራሻ ያስፈልጋችኋል። መጥሪያም ደንበኛም የሚያገኛችሁ እዚያ ነው። ቢሮው ትንሽ ቢሆን ችግር የለውም፤ የሚቆለፍ መሳቢያና የሚዘጋ በር ይኑረው።

ካፌ ግን ለቡና ነው። የፍቺ ጉዳይ የያዘች ሴት ከጀርባዋ ማን እንደተቀመጠ ሳታውቅ የቤቷን ጉድ ስትናገር ማዳመጥ ለእሷም ለእናንተም አደጋ አለው።

ከደንበኛ ጋር የጽሑፍ ውል መፈራረም አለብኝ? ዘመድ ቢሆንስ?

አዎ። ዘመድ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ። «በመካከላችን ምን ውል ያስፈልጋል» የተባባሉ ሰዎች ናቸው በኋላ ሽማግሌ የሚልኩት። በቃል ስምምነት ላይ ጠብ ሲነሳ ሁሉም የሚያስታውሰው የራሱን ነው።

ውሉ ውስጥ ከጠቅላላው የገንዘብ መጠን በላይ አስፈላጊው ነገር ገንዘቡ ምንን እንደሚሸፍን ነው። ክፍያው ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ብቻ ነው? ይግባኝ ሲመጣስ? ሰበርስ? አፈጻጸምስ? ብዙ ደንበኛ «ተፈረደልኝ» ሲል ገንዘቡ በማግስቱ እጁ የሚገባ ይመስለዋል። አፈጻጸም ራሱን የቻለ መዝገብ፣ ራሱን የቻለ ድካም እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን ንገሩት፤ በውሉም ላይ ለብቻው ጻፉት። የዳኝነት ክፍያን፣ የኮፒና የትርጉም ወጪን፣ የትራንስፖርትንም ማን እንደሚሸፍን ይለይ። ቫት ካለባችሁ በዋጋው ውስጥ ይሁን በላዩ ይግለጹት። የመጨረሻው የክፍያ ዙር «ጉዳዩ ሲያልቅ» ከሚባል «ውሳኔ በተሰጠ ቀን» ይባል። «ሲያልቅ» የሚለው ራሱ ክርክር ይወልዳል።

ውክልናው ላይ ምን ማየት አለብኝ? ሁሉም ያው ፎርም አይደለም ወይ?

አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 ልዩ ውክልና የሚጠይቁ ሥራዎችን ይዘረዝራል። መክሰስና ለክስ መልስ መስጠት፣ መታረቅ፣ ጉዳይን ለግልግል መስጠት፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥ ወይም ማስያዝ እዚያ ውስጥ አሉ። «ጉዳዬን ሁሉ ይከታተልልኝ» የሚል ጥቅል ቃል አይበቃም። በተለይ «ለመታረቅ» የሚለው ቃል ከሌለ፣ ተቃራኒ ወገን የቱንም ያህል ጥሩ ሐሳብ ይዞ ቢመጣ መፈረም አትችሉም። ቃሉ ቢኖርም ደንበኛው የእርቁን ሐሳብ አይቶ በፊርማው ሳያረጋግጥላችሁ አትታረቁ። ሥልጣኑ የእናንተ ቢሆንም ጉዳዩ የእሱ ነው።

ውጭ አገር ያለ ደንበኛ ሲሆን አንድ ወጥመድ አለ። ሰውየው ያለው ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ነው እንበል። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሄዶ አዲስ አበባ ላለች እህቱ ውክልና ይሰጣል። ሰነዱ እዚህ ደርሶ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፤ ውልና ማስረጃም ይመዘገባል። እህትየው እናንተ ዘንድ ስትመጣ ሁሉ ነገር የተሟላ ይመስላል። ግን ውክልናው «ጠበቃ ለመወከል» የሚል ቃል አለው? ከሌለው እሷ እናንተን መወከል አትችልም። ይህ የሚታወቀው ክስ ከተመሠረተ በኋላ በተቃራኒ ወገን መቃወሚያ ከሆነ ወራት ይባክናሉ። ስለዚህ ውክልናው ኤምባሲ ከመሄዱ በፊት ረቂቁን እናንተ ጻፉና ላኩለት።

ቀጠሮ እንዴት ልያዝ? ስልኬ ላይ መዝግቤ አይበቃም?

አይበቃም። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ ባትሪ ይጨርሳል። ቢያንስ ሁለት ቦታ ይኑራችሁ፤ አንድ ቢሮ የሚቀመጥ ትልቅ አጀንዳና አንድ ከእናንተ ጋር የሚዞር። ዳኛው ቀጠሮውን ሲናገር እዚያው ችሎት ውስጥ ጻፉት። ከወጣችሁ በኋላ አትበሉ፤ በኮሪደሩ ሦስት ሰው ያናግራችሁና ቀኑ 17 ወይስ 27 እንደነበር ይጠፋባችኋል። አንድ ቀጠሮ ሲመዘገብ የመዝገብ ቁጥሩ፣ ችሎቱ፣ ሰዓቱና ቀጠሮው ለምን እንደሆነ ይግባበት፦ ለመልስ፣ ለመስማት፣ ለምስክር፣ ለምርመራ፣ ለውሳኔ። «ለምን» የሚለውን ያልጻፈ ጠበቃ ምስክር ሳይዝ ለምስክር ቀጠሮ ይሄዳል።

ቀጠሮ መቅረት የሚያስከትለውን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ በግልጽ አስቀምጦታል። ሁለቱም ወገን ከቀሩ መዝገቡ ይዘጋል፤ ቁጥር 69ን ተመልከቱ። ተከሳሽ ከቀረ ጉዳዩ በሌለበት ይሰማል። ከሳሽ ቀርቶ ተከሳሽ ክሱን ካላመነ ግን በቁጥር 73 ክሱ ይሰረዛል፤ በዚያው ጉዳይ አዲስ ክስ ማቅረብም አይቻልም። ያለው መንገድ በአንድ ወር ውስጥ በቂ ምክንያት አሳይቶ ስረዛው እንዲነሳ መጠየቅ ነው። «አጀንዳዬ ላይ አልጻፍኩትም» የሚል ምክንያት ይዞ ዳኛ ፊት መቆም ምን እንደሚመስል አስቡት። ደንበኛው ያጣው ቤቱን ሊሆን ይችላል።

ከቀጠሮ በላይ የሚያሰጋኝ ማንም የማያስታውሳችሁ የጊዜ ገደብ ነው። የፍትሐ ብሔር ይግባኝ 60 ቀን አለው። ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራው ለመመለስ የሚያቀርበው ጥያቄ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሦስት ወር ይታገዳል። ከውል ውጭ ኃላፊነት ሁለት ዓመት ነው። ደንበኛ መጀመሪያ ቢሮ ሲገባ ጥያቄያችሁ «ነገሩ መቼ ነው የሆነው?» ይሁን። መልሱን ሰምታችሁ የመጨረሻውን ቀን አስሉና በቀይ ጻፉት። ከእሱ 15 ቀን ቀድሞ ሌላ ማስታወሻ ይኑር። ቀን ስትቆጥሩ ደግሞ ጳጉሜን እንዳትረሷት።

የውጭ ዜጋ ወይም ውጭ ያደገ ደንበኛ ካላችሁ ሌላም ጥንቃቄ አለ። «ጠዋት 3፡00 ሰዓት» ስትሉት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሊመስለው ይችላል። ውል ላይ «5/3/2016» ከተባለ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልተጻፈ እዚያው ላይ ክርክር ይነሳል። በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉለት።

ደንበኛዬ በቀን አምስት ጊዜ ይደውላል። ምን ላድርግ?

ብዙ ጊዜ ደንበኛ ደጋግሞ የሚደውለው ያለንበትን ስላልነገርነው ነው። ችሎት በወጣችሁ ቀን አጭር መልእክት ላኩለት፦ ዛሬ ምን ሆነ፣ ቀጣዩ ቀጠሮ መቼ ነው፣ ከእሱ ምን ይፈለጋል። ሦስት መስመር ይበቃል። ይህን የለመደ ደንበኛ የሚደውለው እውነተኛ ጉዳይ ሲኖረው ነው።

መጥፎ ዜና በዚያው ቀን ይነገር። የተሸነፈ ጉዳይን «ገና አልታወቀም» ብሎ ማቆየት የደንበኛውን የይግባኝ ቀን መብላት ነው።

የደንበኛን ገንዘብ በራሴ ሒሳብ ባስቀምጥ ምን ችግር አለው?

ትልቅ ችግር አለው። ለዳኝነት ክፍያ የተሰጣችሁ ወይም በአፈጻጸም የተቀበላችሁት ገንዘብ የእናንተ አይደለም። ለብቻው የባንክ ሒሳብ ክፈቱለት። አንድ ሒሳብ ውስጥ ከተደባለቀ የቤት ኪራይ ቀን ሲደርስ እጃችሁ ወደዚያ ይሄዳል። «በሚቀጥለው ሳምንት እተካዋለሁ» ማለት ከዚያ ይጀምራል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ወኪል ለተቀበለው ገንዘብ ሁሉ ለወካዩ ሒሳብ እንዲያቀርብ ያዛል። የወንጀል ሕጉ ደግሞ በቁጥር 675 እምነት ማጉደልን ይቀጣል።

ለተቀበላችሁት ሁሉ ደረሰኝ ስጡ፤ ለከፈላችሁት ሁሉ ደረሰኝ ያዙ። ለእያንዳንዱ ጉዳይ አንድ ገጽ ይኑር፦ ቀን፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ። ገንዘብ ከአፈጻጸም ሲመጣ ደግሞ የራሳችሁን ክፍያ ቀድማችሁ ቀንሳችሁ ሳይሆን፣ ሒሳቡን ለደንበኛው አሳይታችሁና አስፈርማችሁ ተቀበሉ። ቅሬታ የሚበዛበት ቦታ እዚህ ጋ ስለሆነ አጥብቄ እናገራለሁ።

ሚስጥር መጠበቅ እስከ የት ድረስ ነው?

ደንበኛ ስለ ጉዳዩ የነገራችሁ ሁሉ ሚስጥር ነው፤ ጉዳዩ ካለቀ በኋላም። የወንጀል ሕጉ ቁጥር 399 የሙያ ሚስጥር የሚያወጣን ጠበቃ ይቀጣል። ይህን ማንም ጠበቃ ያውቀዋል። ሚስጥር የሚወጣው ግን በክፋት ሳይሆን በቸልታ ነው። የጠበቆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «እንዲህ ያለ ጉዳይ ገጥሟችሁ ያውቃል?» ብሎ የክሱን ፎቶ ከነስሙ መለጠፍ፤ ኮፒ ቤት ፍላሽ ረስቶ መውጣት፤ የደንበኛው ባል ሲደውል «አዎ፣ ትናንት መጥታ ነበር» ማለት። የመጨረሻው ብቻውን አንድ ቤት ያፈርሳል።

ለጸሐፊያችሁም ይህን አስተምሩ። እሷ የምታየውን ፋይል ያህል እናንተም አታዩም። ምክር መጠየቅ ስትፈልጉ ስሙን፣ ቦታውንና የገንዘቡን መጠን አውጥታችሁ የሕግ ጥያቄውን ብቻ አቅርቡ።

ደንበኛ «ታሸንፋለህ ወይ?» ሲለኝ ምን ልመልስ?

«ጠንካራው ጎንህ ይህ ነው፣ ደካማው ይህ ነው፣ ማስረጃ የጎደለህ እዚህ ጋ ነው» በሉት። ውጤት ቃል አትግቡ። የሰበር ሰሚ ችሎት አስገዳጅ ትርጉም የሰጠበት ጉዳይ ከሆነ አግኝታችሁ አሳዩት። በዚያ ነጥብ ላይ የተወሰነ ውሳኔ እያለ ሳያነቡ ክስ መመሥረት የደንበኛን ገንዘብ መጣል ነው።

እውነቱን ሰምቶ ሌላ ጠበቃ ጋ የሚሄድ ደንበኛ ይኖራል። ይሂድ። አንዳንዱ ከወራት በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

ማስታወቂያ ብሠራስ? ጉዳይ የሚያመጣልኝ ደላላ ብይዝስ?

ስለ ሕግ ማስተማር ጥሩ ነው። በፌስቡክም በቲክቶክም ሰው ስለ ውርስ፣ ስለ ኪራይ፣ ስለ ሥራ ውል እንዲያውቅ መርዳት አገልግሎት ነው። «መቶ በመቶ እናሸንፋለን» ማለት፣ የደንበኛን ጉዳይ መተረክ፣ ሌላ ጠበቃን ማንቋሸሽ ግን ከሙያው ክብር ጋር አይሄድም።

ደላላን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፦ አይሆንም። ፍርድ ቤት በር ላይ ወይም ፖሊስ ጣቢያ ቆሞ ሰው የሚያመጣላችሁ ሰው ኮሚሽኑን የሚያገኘው ከተጨነቀ ሰው ኪስ ነው። በስማችሁ ምን ቃል እንደገባም አታውቁም።

መክፈል የማይችል ሰው ሲመጣስ?

በነፃ መርዳት በጎ ፈቃድ ብቻ አይደለም፤ የሙያው ግዴታ አካል ነው። የፌደራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት የነፃ አገልግሎት ብሎ ጀምሮታል። በነፃ የያዛችሁት መዝገብ እንደሌላው ሁሉ አጀንዳ ላይ ይስፈር፤ ለእሱም ተዘጋጁ። በነፃ ስለሆነ ለብ ለብ ማድረግ ካልተቀበሉት ይብሳል፤ ሰውየው ጠበቃ አለኝ ብሎ ተቀምጧልና።

ሁለት ወንድማማቾች አብረው መጥተው «የአባታችንን ውርስ ጨርስልን» ቢሉኝ ሁለቱንም ልወክል?

ዛሬ ይስማማሉ። ነገ ግምት ሲወጣ «ቤቱን እኔ ነኝ ያደስኩት» የሚለው ይመጣል። በዚያን ቀን እናንተ የሁለቱንም ሚስጥር ይዛችኋል፤ አንዱን ይዛችሁ ሌላውን መክሰስ አትችሉም። ሁለቱንም ለቃችሁ መውጣት ይኖርባችኋል፤ እነሱም አዲስ ጠበቃ፣ አዲስ ወጪ። ስለዚህ ከመጀመሪያው «የጋራ ጥቅማችሁ እስካለ ድረስ ይህን እሠራለሁ፤ ከተጣላችሁ ለማናችሁም አልቆምም» ብላችሁ በጽሑፍ አስፈርሙ። የጥላቻ ሽታ ካለ ደግሞ አንዱን ብቻ ተቀበሉ፤ ሌላውን የራሱን ጠበቃ እንዲይዝ ምከሩት።

እንዲህ ያለውን የጥቅም ግጭት ቀድሞ ለማየት የደንበኞችና የተቃራኒ ወገኖች ስም ዝርዝር ይኑራችሁ። አዲስ ጉዳይ ስትቀበሉ፣ የጉዳዩን ዝርዝር ከመስማታችሁ በፊት፣ የሁሉንም ወገን ሙሉ ስም ከነአያት ጠይቃችሁ በስም ዝርዝሩ ውስጥ ፈልጉ። ቢሮ የምትጋሩ ከሆነም የጎን ባልደረባችሁ ተቃራኒውን ወገን ይዞ እንዳይሆን ጠይቁ።

ደንበኛዬ አልከፈለኝም። ሰነዱን ልያዝበት? ጉዳዩን ትቼ ብወጣስ?

ኦርጅናል ሰነድ ይዞ መደራደር መጥፎ መንገድ ነው። መብት አለኝ ብላችሁ ብትከራከሩ እንኳ፣ በመያዛችሁ ምክንያት ይግባኙ ካለፈበት ጉዳቱ ከክፍያችሁ በብዙ ይበልጣል። ሲጀመርም ኦርጅናል አትረከቡ፤ አመሳክራችሁ ኮፒ ያዙ፣ ኦርጅናሉን በፊርማ መልሱ። ክፍያችሁን በውላችሁ መሠረት ለብቻው ጠይቁ።

መውጣት ይቻላል፤ ሰዓቱን ግን ምረጡ። ነገ ምስክር የሚሰማ ከሆነ ዛሬ «በቃኝ» ማለት ደንበኛን ገደል አፋፍ ጥሎ መሄድ ነው። በጽሑፍ አስጠንቅቁ፣ ሌላ ጠበቃ የሚያገኝበት ጊዜ ስጡት፣ ለፍርድ ቤቱ አሳውቁ፣ ፋይሉን ከቀጠሮዎቹ ዝርዝር ጋር አስረክቡ።

ደንበኛዬ ያመጣው ሰነድ ሐሰተኛ መሆኑን ካወቅሁስ?

አታቅርቡት። ጥርጣሬ ብቻ ከሆነ ሰነዱን ሰጠ የተባለው መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ ከዋናው ጋር አመሳክሩ። ቀበሌ ወይም ወረዳ ላይ ግማሽ ቀን ይፈጅባችሁ ይሆናል፤ ይገባዋል። ሐሰት መሆኑ ከተረጋገጠ ለደንበኛው ለብቻው፣ በግልጽ ንገሩት፦ ይህን አላቀርብም፣ ሌላ ማስረጃ እንፈልግ። አሻፈረኝ ካለ ውክልናውን መልሱ። ሚስጥሩን ግን ይዛችሁ ውጡ፤ ለተቃራኒ ወገን መንገር የእናንተ ሥራ አይደለም።

የሚከብደው ቀድሞ የቀረበ ሰነድ ሐሰት ሆኖ ሲገኝ ነው። ዝም ብሎ መቀጠል፣ በእሱ ላይ ተመሥርቶ መከራከር ከእንግዲህ አይቻልም። ደንበኛው ማስረጃውን እንዲተው አሳምኑት። እምቢ ካለ ምክንያቱን ሳትዘረዝሩ ከጉዳዩ ለመውጣት አመልክቱ። በዚህ ጊዜ ልምድ ያለው ባልደረባን፣ ስም ሳትጠቅሱ፣ ማማከር ይጠቅማል።

ደንበኛዬ «ለዳኛው የሚሰጥ ገንዘብ አለኝ፣ አንተ አድርስልኝ» አለኝ። ምን ልበል?

አይሆንም በሉት፤ እዚያው፣ ሳታቅማሙ። በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ሰጪውም፣ ተቀባዩም፣ በመሐል ያለውም ተጠያቂ ናቸው። «እስቲ ላስብበት» ማለት ለደንበኛው እሺ ማለት ነው። ለሰውም እንደዚያ ብሎ ይናገራል።

ከዚህ የባሰው ጠበቃው ራሱ «ለዳኛው ነው» ብሎ ገንዘብ ተቀብሎ ኪሱ ሲከተው ነው። ዳኛው ስለ ጉዳዩ ምንም አያውቅም፤ ስሙ ግን ተነግዶበታል። ደንበኛው ቢያሸንፍ ፍርድ የተገዛ ይመስለዋል፣ ቢሸነፍ ተቃራኒው ወገን የበለጠ ከፈለ ይላል። በሁለቱም በኩል የሚጎዳው በፍርድ ቤት ላይ ያለው እምነት ነው። ይህን የሚያደርግ ጠበቃ በማታለል ወይም በሙስና ሊከሰስ፣ በዲሲፕሊንም ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል።

«ገንዘብ ስጡ» የሚል ግፊት ከፍርድ ቤት ሠራተኛ ከመጣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተባለውን ቃል በዚያው ቀን ጻፉ። ከዚያ ለፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አመልክቱ፤ የማመልከቻውን ቅጂ ገቢ ቁጥር አስመትታችሁ ያዙ።